የባላምባራስ ገሠሠ እንቁላልና የሚካኤል በር

በእኛ በደምቢያ በኩል፣ ሰው በሌላው ሥራ ደረቱን ሲነፋ የሚተረትበት አንድ ተረት አለ። የዛሬ ልጆች ሲተርቱት ከነገሥታቱ ዘመን የመጣ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ እናቴ ያኔ በሩ ሲጠገን ለኖራው ገል ከሚወቅጡት ሴቶች አንዷ ነበረች፣ ክርክሩ ሲሰማም ከዋርካው ሥር ተቀምጣ ነበር። እሷ እንደነገረችኝ ልንገራችሁ።

የሾላ ምንጭ ሚካኤል ደጀ ሰላም በድንጋይና በኖራ የተገነባ፣ ደወሉ ከላዩ የሚሰቀልበት፣ ትልቅ የጥንት በር ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ደግ ሰው ያጠነከረው መስሎት በሲሚንቶ አስለስኖት ነበር። ሲሚንቶው ከላይ ሲያዩት ያምራል፤ ከውስጥ ግን በስንጥቅ የገባውን የዝናብ ውሃ አላስወጣ አለ። ግድግዳው እርጥበቱን እንደያዘ ሆዱ ተነፋ፣ ልስኑም እየተላጠ መውደቅ ጀመረ። አንድ እሑድ ደወሉ ሲደወል ድንጋይ ወርዶ የአንዱን ቄስ ጥላ በሳው። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ በዚያ በር የሚያልፈው እየሮጠ ሆነ፤ የሚሳለመውም ከወዲያ ማዶ ደርሶ ትንፋሹን ከሰበሰበ በኋላ ነበር።

የደብሩ አስተዳዳሪ አለቃ ልሳነ ወርቅ እስከ አዲስ አበባ አመልክተው፣ የጥንት ሕንፃ የሚጠግን ባለሙያ ተላከላቸው። አቶ መንክር ይባላል፤ ቀጭን፣ ንግግሩ ዝግ ያለ፣ የኮቱ ኪስ ሁልጊዜ በግድግዳ ፍርፋሪ የተሞላ ሰው ነበር። የድሮውን ኖራ ከየቦታው እየፋቀ በማጉያ መነጽር ሲመረምር፣ ሎሚ እያንጠባጠበበት ሲፈላ ሲያይ ሰነበተ። በመጨረሻም ምእመናኑን አሰብስቦ፣

«የጥንቶቹ ግንበኞች የሠሩት በኖራ፣ በአሸዋና በተወቀጠ ገል ነው። ሲሚንቶውን ልጠን በዚያው እንመልሰዋለን። ክረምት ሳይገባ ካልደረስን ግን በሩ አይተርፍም» አላቸው።

ይሄኔ ባላምባራስ ገሠሠ ተነሡ። ባላምባራስ የአገሩ ባለጸጋ ናቸው፤ ከበሬውም፣ ከአህያውም፣ ከዶሮውም የሳቸውን ያህል ያለው አልነበረም።

«እንቁላሉስ?» አሉ።

«የምን እንቁላል?»

«የነገሥታቱ ግንብ በእንቁላል እንደተቦካ የማያውቅ አለ እንዴ?»

ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እውነትም ሁሉም ከአያቱ የሰማው ነገር ነበር።

«እኔ እንቁላል አላገኘሁበትም፣ ባላምባራስ» አለ አቶ መንክር።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የቆየ እንቁላል በመነጽር ይገኛል ብለህ ነው?»

አቶ መንክር ማጉያ መነጽሩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ባላምባራስም ቀጠሉ። የሚፈለገውን እንቁላል ሁሉ እሳቸው ይችላሉ፤ በምላሹ ስማቸው ከበሩ ራስ ላይ በድንጋይ ይቀረጻል፣ በምረቃው ቀንም ከማዕዱ ራስ ይቀመጣሉ። ሰዉ በቸርነታቸው ተደነቀ። እናቴ ግን፣ «ወቅቱ ሁዳዴ ነበር» ትላለች እዚህ ላይ ስትደርስ። እንቁላል የሚበላም የሚገዛም የለም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙጪት የሚያደርጉበት አጥተው፣ ጎተራው ውስጥ ጭድ ጎዝጉዘው እየደረደሩት ነበር።

አቶ መንክር እንቁላሉን አልቀበልም ሊል ሲል አለቃ ክንዱን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱት።

«የኖራውን ድንጋይ ከተራራው፣ ማገዶውን ከዱሩ የሚያጓጉዝልህ ምንድን ነው?» አሉት።

«አህያ ነዋ፣ አባቴ።»

«አህያው የማን ነው?»

አቶ መንክር ዞሮ ባላምባራስን ተመለከተ።

«እንግዲያ እንቁላሉን ተቀበል። አህዮቹ የሚመጡት ከእንቁላሉ ኋላ ነው።»

እንዲህ ሆኖ ሥራው ተጀመረ። ድንጋዩ ተቃጥሎ ነጭ ኖራ ከሆነ በኋላ ጉድጓድ ውስጥ ተጨምሮ ውሃ ሲፈስበት፣ እሳት ሳይነካው እንደ ሽሮ ይንተከተካል፤ ለማያውቅ ሰው ያስፈራል። ባላምባራስ ሊያዩ መጥተው ኖሮ፣ ከቅርጫቱ አንድ እንቁላል አንሥተው ጉድጓዱ ውስጥ ጣሉ። ትንሽ ቆይቶ ግንበኛው በአካፋ አወጣላቸው። ልጠው ሲያዩት ተቀቅሏል።

«አያችሁ» አሉ ከፍ አድርገው እያሳዩ። «እንቁላሉ ኖራውን ገና ሲነካው እንዲህ ጠነከረ። ግንቡ እንዴት ሊሆን ነው?»

የተሰበሰበው ሁሉ አመነ። አቶ መንክር አፉን ከፈት አደረገና፣ አህዮቹ ትዝ ሲሉት መልሶ ዘጋው።

ግንበኛው ፈንታሁን ይባላል። እጁ የተባረከ፣ ነገር የሚፈራ፣ ከጌቶች ጋር ሲነጋገር ላብ የሚያጠምቀው ሰው ነው። አቶ መንክር ባላምባራስ ከሄዱ በኋላ ጠርቶ፣

«ጋሽ ፈንታሁን፣ እንቁላሉን በደንብ አመስግነህ ተቀበል። ኖራው ውስጥ ግን እንዳይገባ። ይሸታል፣ ጉንዳንም ይጠራብናል» አለው።

«ታዲያ የት ልክተተው?»

«እሱን እኔም አላውቅም።»

ባላምባራስ ሥራውን ሊያዩ በመጡ ቁጥር ፈንታሁን አንድ ገንዳ ኖራ ለብቻ ያቀርብና ጥቂት እንቁላል ሰብሮ ያማስልላቸዋል። እሳቸው ሲሄዱ ያቺን ገንዳ ወስዶ የአህዮቹን ጋጣ ይለስንባታል። በማግሥቱ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጋጣውን ሲልስ ይገኛል። የቀረውን እንቁላል ፈንታሁን በቅርጫት ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይገባል። ሚስቱ አትጠገብ የመጀመሪያውን ቅርጫት ስታይ፣

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» አለችው።

«የግንቡ እንቁላል ነው።»

«ምነው፣ ግንቡም ጾም ያዘ?»

«አትሳቂብኝ እባክሽ። ልብላው ብል ጾም ነው፣ ልጣለው ብል ግፍ ነው፣ ልመልሰው ብል አህያው ይቀራል፣ በሩም ይወድቃል።»

አትጠገብ ትንሽ አሰበችና ከምድጃው ኋላ ለመታቀፍ ስትንቆራጠጥ ወደሰነበተችው ዶሮዋ ሄደች። ታቅፋ የምትችለውን ያህል ከሥሯ ደረደረችላት። የተረፈውን ለጎረቤት፣ ከጎረቤት የተረፈውን ለጎረቤት ጎረቤት አደለች። በዚያ ሁዳዴ በሰፈሩ ሳትታቀፍ የቀረች ዶሮ አልነበረችም ትላለች እናቴ።

በሩ ክረምት ሳይገባ አለቀ። ሲሚንቶው ተልጦ፣ ድንጋዩ ደርቆ፣ አዲሱ ኖራ በስሱ በስሱ ተለስኖ፣ ቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ከረመ። አቶ መንክር ወደ ሌላ ሕንፃ ተልኮ ሄደ። ዝናቡም መጣ፤ ያን ዓመት ዝናብ በረዶ ቀላቅሎ ነው የወረደው። ፈንታሁን ዶፍ በወረደ ቁጥር ጆንያ ራሱ ላይ ጥሎ እየሮጠ ግድግዳውን በመዳፉ ይዳብስ ነበር። ግድግዳው የጠጣውን ውሃ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ይተነፍሳል፤ አንዲት ቅርፊት አልወደቀችም።

በኅዳር ሚካኤል ምረቃው ሆነ። የባላምባራስ ስም ከበሩ ራስ ላይ ተቀርጿል። እሳቸውም ከማዕዱ ራስ ተቀምጠው ብርሌያቸውን አነሡ።

«ያን ሁሉ በረዶ የመለሰው ማነው? የኔ ዶሮ ናት» አሉ። «እኔ ባልኖር ዛሬ ይህ በር የድንጋይ ክምር ነበር።»

ሰዉ አጨበጨበ። ፈንታሁን በበሩ በኩል ከገል ወቃጮቹ ጋር ተቀምጦ ጎንበስ ብሎ ይበላል። እናቴ ቀና ብሎ እንደሆነ ስታየው፣ ጆሮው ቀልቷል።

ባላምባራስ ከግብዣው ወጥተው ወደ ቤታቸው ሲያዘግሙ በሰፈሩ መካከል ቀጥ ብለው ቆሙ። ባላምባራስ ከቆላ ያስመጡት አንገቱ ላባ የሌለው የዶሮ ዘር አለ፤ አንገተ መላጣ የሚሉት፤ ከሳቸው ግቢ በቀር በአገሩ አይገኝም ነበር። አሁን ግን ከዚህ አጥር ሥር አንገተ መላጣ ይጭራል፣ ከዚያ አጥር ላይ አንገተ መላጣ ተሰቅሏል። ከፈንታሁን ደጅ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ራቁት አንገቱን መዘዝ አድርጎ ጮኸባቸው።

በማግሥቱ ፈንታሁንንና ጎረቤቶቹን ከስሰው ከዋርካው ሥር አስቀረቡ። አለቃ ልሳነ ወርቅ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተሰየሙ። አትጠገብም ቀዩን አውራ ዶሮ እግሩን አስራ፣ በብብቷ ይዛ መጣች።

«ዶሮዬን ሰርቀውኛል» አሉ ባላምባራስ። «አንድ ሁለት አይደለም፣ ሰፈር ሙሉ። አንገታቸውን አይታችሁ ፍረዱ።»

አለቃ ወደ ወይዘሮ ሙጪት ዞሩ። «ከግቢያችሁ የጠፋ ዶሮ አለ?»

«ኧረ አንድም የጠፋ የለ፣ አባቴ። ዘንድሮ ሸለምጥማጥ እንኳ አልመጣብን።»

«እንዲያ ከሆነ ዘሩ በምን ወጣ?»

«በእንቁላል ይሆናላ» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ከኔ ቤት እንቁላል የትም አልሄደም» አሉ ባላምባራስ ቆጣ ብለው። «በሁዳዴ የወጣው ሁሉ ግንቡ ውስጥ ነው። አገር ያየው ነው።»

ፈንታሁን ላቡ በግንባሩ እየወረደ ብድግ አለ። «አለቃ፣ እኔ እውነቱን…»

«ተቀመጥ፣ ስትጠየቅ ትናገራለህ» አሉት አለቃ። ከዚያ ጭራቸውን ከጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ባላምባራስ፣ እኔ የሚገባኝን ልንገርዎ። ዶሮዎቹ የእርስዎ ዘር ከሆኑ፣ እንቁላሉ ግንቡ ውስጥ አልገባም። ካልገባ ደግሞ በሩ የቆመው ያለ እርስዎ ነውና ስምዎን እናስፍቃለን፤ ዶሮዎቹንም ነድተው ይሂዱ። እንቁላሉ ግንቡ ውስጥ ነው ካሉም፣ ስምዎ ባለበት ይኑር፤ ዶሮዎቹ የሰዎቹ ናቸው። እንግዲህ ይምረጡ።»

ባላምባራስ አሻግረው በሩን አዩ፤ ስማቸው ገና ነጭ ነው። ዞረው አውራ ዶሮውን አዩ፤ ሥጋው የሞላ፣ ጭራው እንደ ማጭድ የተቀለሰ ነው። ወይዘሮ ሙጪት ከኋላ ካባቸውን ጎተት አድርገው፣ «ዶሮዎቹን ይበሉ፣ ጌታዬ፣ ዶሮዎቹን» እያሉ ያንሾካሹካሉ። ሰዉ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ይጠብቃል።

«እንቁላሉ ግንቡ ውስጥ ነው» አሉ ባላምባራስ በመጨረሻ።

«እነዚህ ዶሮዎችስ?»

«አላውቃቸውም።»

አትጠገብ የዶሮውን እግር ፈታችለት። ፈንታሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሹን ለቀቀ። ባላምባራስ ግን ካባቸውን አስተካክለው፣ ሰዉን እየሰነጠቁ እስከ በሩ ሄዱና ግድግዳውን መታ መታ አድርገው፣ «ይኸውላችሁ፣ በእንቁላሌ የቆመው» አሉ። ወይዘሮ ሙጪት ቀዩ አውራ ዶሮ ጎምለል እያለ ወደ ሰው ቤት ሲገባ በዓይናቸው ሸኙትና፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው፣ «ግንቡን አቆመው ኖራ፣ ዶሮ በእንቁላሏ ትኮራ» አሉ።