ጉሬዛና የአደባባዩ ሾላ

ተረት ልንገራችሁ፤ የላም በረት በሉኝና አድምጡ።

ጫካቸው የተቃጠለባቸው እንስሳት አደባባዩ ላይ ካለው ሾላ ሥር ተጠለሉ። ንጉሥ አንበሳም፣ «አደባባዬን አቆሸሹት፤ እዚያ የሚያበላቸው ይታሰር!» ብሎ አወጀ። ጉሬዛ ግን በጠራራ ፀሐይ የሾላ ፍሬ ታወርድላቸው ነበር።

የአንበሳ ዘበኛ ነብር መጣና፣ «ማብላት ካማረሽ ተደብቀሽ አብዪ!» አላት።

«እንግዳ ተቀበልኩ እንጂ ምን ሰርቄ ነው የምደበቀው?» አለችና ነጭ ካባዋን አስተካክላ እጆቿን ዘረጋችለት። እሱም እዚያው ሾላው ሥር አሰራት።

በማግስቱ አጋዘን ቅጠል፣ ጃርት ሥራሥር፣ ንብ ማር ይዘው መጡና የተራቡትን በአደባባይ አበሉ። «እኛንም እሰረን!» አሉት ነብርን።

ነብር ያለው ገመድ አንድ ብቻ ነበር። እነሱን ለማሰር ብሎ ከጉሬዛ እጅ ሲፈታው፣ እሷ አንገቷን ቀና አድርጋ ሾላው ላይ ወጣች።

ተረቴን መልሱ፤ ከሾላውም ቅመሱ።