የጿሚዋ ልጅ ምላስ

ርእሰ መምህሩ በወላጆች ስብሰባ ላይ «ተማሪው ሁሉ አደንዛዥ ዕፅ አለመውሰዱ በሽንት ምርመራ ይረጋገጥ ብለናል፤ ንጹሕ ልጅ ቢመረመር ምን ይጎዳዋል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም እንዲህ አልኳቸው፦

«አንድ ባለጸጋ ነበረ። የቤቱ ፍቅር የተበላሸው በፍልሰታ ጾም፣ ሐሙስ ቀን ነው። ሰውየው ክፉ አልነበረም። የወለዳቸውንም የሚያሳድጋቸውንም ልጆች እኩል ይወድ ነበር። ልጆቹ እህል ሳይቀምሱ ቆይተው፣ ከእሱ ጋር ቅዳሴ ሄደው ይቆርቡ ነበር። በዚያ ቀን ግን ጎረቤቱ መጥቶ ‹ከልጆችህ አንዱ ተደብቆ ዳቦ ሲገምጥ አይቻለሁ› አለው። ሰውየው ለልጁ ነፍስ ፈራ። ማን እንደሆነ ስላላወቀ ሁሉንም በር ላይ አሰለፈና ‹ምላሳችሁን አውጡ!› አለ። የጿሚ ምላስ ደርቆ ይነጣል፣ የበላ ይቀላል ይባላልና።

ልጆቹ ጨዋታ መሰላቸው። ‹ያንተ የላም ምላስ ነው!› ‹ያንቺስ? አፍንጫሽን ሊነካ ነው!› እየተባባሉ ተሳሳቁ። ዳቦውን የበላው ልጅ ወሬውን ቀድሞ ሰምቶ ምላሱን ዱቄት ቀብቶ ነበርና አለፈ። ከሁሉ የምታንሰው፣ እናቷ የሞተችባት ብርቄ ግን ምላሷ ቀይ ሆኖ ተገኘ።

‹አባባ፣ አልበላሁም።›

‹ምላስ አይዋሽም› ብሎ ከበር መለሳት። ልጆቹም ‹ቀበኛ! ቀበኛ!› እያሉ ጮኹባት።

በማግስቱ ሰውየው ማድ ቤት ቢገባ ብርቄ ሳትደበቅ ተቀምጣ ዳቦ ትበላለች።

‹ምነው ልጄ? ቅዳሴ ሳይገባ?›

‹ትናንት ስጾም በልተሻል አሉኝ። ዛሬ እርስዎ ውሸታም እንዳይሆኑ ብዬ ነው።›

ይህን ብላ እናቷ ያሰረችላትን ቀይ ማተብ ወደ አፏ ከተተች። እናቷ ስትናፍቃት ትጠባው ነበር። የክሩ ቀለም ከንፈሯ ላይ ሲወርድ አየና ሁሉም ነገር ገባው። አቅፏት አለቀሰ፤ አዲስ ቀሚስም ገዛላት። ነገር ግን ልጆቹን መልሶ አሰልፎ ‹ተሳስቻለሁ› አላለም። ቀበኛ የሚለው ስም እስክትዳር ድረስ ተከተላት።

ርእሰ መምህር፣ እርስዎም እንደዚያ ሰው ልጆቹን ስለሚወዱ እንደሆነ አውቃለሁ። ምርመራዎም ግን እንደዚያ ምላስ ነው፤ ብልጡን አሳልፎ የዋሁን ይይዛል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የሳል ሽሮፕ ጠጥቼ ብመረመር ዕፅ ተጠቃሚ ነህ አሉኝ። ስሜን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፈው አባረሩኝ። በዓመቱ ስህተት መሆኑ ሲታወቅ ቢሮ ጠርተው፣ በሩን ዘግተው፣ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ተመልሼ ተመረቅሁ። እናቴ ግን የሰሌዳውን እንጂ የቢሮውን ሳትሰማ ሞተች።

ንጹሕ ልጅ ምን ይጎዳዋል አሉኝ። እሺ። የአንዷ ልጅ ውጤት ተሳስቶ ቢመጣ፣ በጧት ሰልፍ ተማሪው ሁሉ እየሰማ ‹በድለንሻል› ብሎ የሚቆመው ማን ነው? እርስዎ ነዎት? ይህን ይመልሱልኝ።»