ከኒልሰን ቤት ማን አለ?

«እማ፣ ይቺን ከተማ የቆረቆሩት ሰዎች ለእኛ ምናችን ናቸው?»

የተጠየቀችው አንዲት እናት ናት። ከአገሯ ተሰድዳ ነብራስካ ውስጥ፣ በበቆሎ እርሻ በተከበበች ትንሽ ከተማ ትኖራለች። ቀን ሥጋ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ከሥራ መልስ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ገብታ ፊደል ትለያለች። ጠያቂዋ የዘጠኝ ዓመት ልጇ አርሴማ ናት። ትምህርት ቤት «አባቶቻችን በሠረገላ መጡ» ብለው አስተምረዋታል።

እናትየው ዘመዶቻችን ናቸው ብትል ውሸት ሊሆንባት ነው። ምናችንም አይደሉም ብትል ልጅቱን ባዳ ልታደርጋት ነው። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

በዚያች ከተማ አንድ ልማድ አለ። በየዓመቱ በምሥረታው ቀን ሕዝቡ አዳራሽ ይሰበሰብና የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ ቤተሰቦች ስም ይጠራል። ከዘራቸው ያለ ሰው ተነሥቶ «አለን» ይላል። የሚመልስ ከጠፋ ጥቂት ዝም ተብሎ ይታለፋል።

ልጅቱ በጠየቀችበት ዓመት እናትና ልጅም አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። ወይዘሮ ኢዲት የሚባሉ አሮጊት የስሞቹን መዝገብ ይዘው «የኒልሰን ቤተሰብ» ብለው ጠሩ። የተነሣ አልነበረም፤ ደግመው ጠሩ።

አርሴማ ብድግ አለች። «አለን» አለች።

ምን ታድርግ? የተከራዩትን ቤት አገሩ ሁሉ የኒልሰን ቤት ይለዋል። ፖስተኛውም፣ የአውቶቡሱ ሾፌርም የኒልሰን ቤት ልጅ ይሏታል። እሷም አመነቻቸው።

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። አንዱ የልጅቱን ጥቁረት አይቶ፣ ዘንድሮ ኒልሰኖች ላይ ፀሐይ በርትቶባቸዋል፣ ብሎ አሾፈ። እናትየው የልጇን ቀሚስ ይዛ ጎተተች። «ተቀመጪ። አንቺ የአባትሽ ልጅ ነሽ።»

ይህን ብላ ራሷ ደነገጠች። ልጄን ከውርደት እያዳንኳት ነው ወይስ ከሰው መሐል እያወጣኋት? አላወቀችም። ስማችንን ትጥል ይሆን ብላ ፈራች፤ ቦታ ታጣ ይሆን ብላም ፈራች። ሁለት ፍርሃት በአንድ ሆድ።

ወይዘሮ ኢዲት መነጽራቸውን አወለቁ። «የእኔ አያት በሠረገላ አልመጣም» አሉ። ከተማዋ ከተቆረቆረች ከአራት ዓመት በኋላ በባቡር መጥቶ፣ ለቆ ከሚሄድ ሰው እርሻ ገዝቶ፣ ስሙ መዝገቡ ውስጥ እንደ ገባ ተናገሩ። ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞረው «የኒልሰንን ደጅ በረዶ የሚጠርገው ማን ነው?» አሏት።

«እኔና እማ» አለች አርሴማ፤ አልተቀመጠችም ነበር።

ወይዘሮ ኢዲት መዝገቡ ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ምን እንደ ጻፉ እናትየው ከሩቅ ማንበብ አልቻለችም።

እናቶች፣ እኛስ? ልጆቻችሁ በሰው መሐል ሲቆሙ እጃችሁ ወዴት ይሄዳል? ቀሚስ ወደ መጎተት ነው? ለምን እንደምትጎትቱስ ታውቃላችሁ? እግዚአብሔር መጻተኛን ይወዳል ብለን ለልጆቻችን እንነግራቸዋለን። መጻተኛነቱ መቼ እንደሚያበቃ ግን አንነግራቸውም፤ እኛም አናውቀውማ። ለእኔም ገና አልጠራልኝም። ስለዚህ የማውቀውን ብቻ ልንገራችሁ።

ኒልሰኖች ቤቱን ሸጠው ወደ ካሊፎርኒያ ከሄዱ ሰባ ዓመት አልፏል፤ አንዳቸውም አልተመለሱም። ያቺ እናትና አርሴማ ዛሬም እዚያው አሉ።