መንገዱ ብሎክ ሆኗል

አንድ ሰው ነበረ። ቆዪ ብርነሽ፣ ደብተርሽን አትዝጊ፤ ጥያቄሽን ሰምቼዋለሁ። «ብሎክ» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አሥር ዓረፍተ ነገር ሥሪ ብዬሽ ሠርተሻል። አንድም የፊደል ስህተት የለበትም። «ታዲያ መምህር፣ ለምን መለሱብኝ?» ነው ያልሽው። ተቀመጪና ስሚኝ።

ሰውዬው በግቢው ውስጥ የሚከራይ ክፍል ሊሠራ ፈለገና አንድ ገልባጭ መኪና ሙሉ አሸዋ አስመጣ። ግቢው ስለጠበበው መንገዱ ላይ አስደፋው። «ለሦስት ቀን ነው» አለ ለጎረቤቶቹ። ሦስቱ ቀን ሁለት ወር ሆነ። ባጃጅ ማለፍ አቃተው፤ ሰዉም ግድግዳ እየታከከ ይሄድ ጀመር። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ አሸዋው እየተሸረሸረ የጎርፍ መውረጃውን ቦይ ደፈነው።

ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ለቅሶ ይደርሳል፣ የታመመ ይጠይቃል። ግን በዚያ ሰሞን አንድ ቃል ለምዶ ነበር። ስልኩ እንቢ ሲለው «ኔትወርኩ ብሎክ ነው» ይላል። ጉንፋን ሲይዘው «አፍንጫዬ ብሎክ ሆነ» ይላል። ጎረቤት ስለ መንገዱ ባማረረ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ ራሱን እየነቀነቀ «ምን ይደረጋል፣ መንገዱ ብሎክ ሆኗል እኮ» ይላል። እንዲህ ብሎ ሲናገር ለራሱም ነገሩ ከሰማይ የወረደ መዓት ይመስለው ነበር።

በዕድሩ ስብሰባ ላይ ለወረዳው ማመልከቻ ይጻፍ ተባለ። ማን ይጻፍ ሲባል እጁን ያወጣው እሱ ነው! «መንገዳችን ብሎክ ስለሆነ አፋጣኝ መፍትሔ እንዲሰጠን» ብሎ ጻፈና ፈረመበት። ከጎኑ የታመሙ አባቷን የምታስታምም ጎረቤቱ ተቀምጣ ነበር። ወረቀቱን አንብባ ቀና ብላ አየችው።

«ምን እንደዘጋው አይናገርም እንዴ?» አለችው።

«ብሎክ ነው ብያለሁ እኮ» አላት።

ሁለት ወር ሙሉ አሸዋህን አንሣ እያለች ስትለምነው ከርማለችና መከራከሩ ሰለቻት። ፈረመች። ማመልከቻው ሄደ፤ መልስ ግን አልመጣም።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደ። ውሃው ቦዩ ተደፍኖ ሲያገኘው ዞሮ ዝቅ ያለው የሴትዮዋ ቤት ገባ። የድረሱልኝ ጩኸቷን ሰምቶ ቀድሞ የሮጠው ያው ሰውዬ ነው። ሲደርስ ውሃው ፍራሹን አርሶ፣ ዓይናቸው የማያይ አባቷ በረጠበው ብርድ ልብስ ውስጥ እየሳሉ ይንቀጠቀጣሉ። ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸው ባጃጅ ተጠርቷል፤ ግን ከአሸዋው ክምር ማዶ ቆሞ ጥሩምባውን ከመንፋት በቀር ምን ያድርግ? ሰውዬው ሽማግሌውን በጀርባው አዘላቸው። ልጃቸው ከኋላ ደግፋ ተከተለች።

«ይኼ መንገድ ብሎክ ባይሆን ኖሮ!» እያለ በመንገዱም ማማረሩን አልተወም።

ክምሩ ላይ ሲወጣ እርጥቡ አሸዋ አንድ እግሩን እስከ ጉልበቱ ዋጠው። ቢስበው አልወጣ አለ።

«ምን ያዘህ ልጄ?» አሉት ሽማግሌው ጆሮው ሥር።

«ብሎክ ነው፣ አባባ።»

«እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ዓይኔም አያይም። እግርህን የያዘው ምንድን ነው?»

«አሸዋ ነው።»

«መንገድ ላይ? የማን አሸዋ?»

ሰውዬው እግሩን እንደገና ሳበው። የሽማግሌው ትኩሳት በሸሚዙ አልፎ ጀርባውን ያቃጥለዋል። ከኋላው ሴትዮዋ፣ ከማዶ ባለባጃጁ ያዩታል። የማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ያን ቃል ሊደግመው አፉን ከፈተ፤ አፈረ።

«የኔ ነው፣ አባባ» አለ። «ያስደፋሁት እኔ ነኝ። መንገዱን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አንሣዋ!» አሉ ሽማግሌው ሳል እያቋረጣቸው። «እስከ ዛሬ ማንን ነው የምትጠብቀው?»

ሴትዮዋ ክንዱን ይዛ ጎትታ አወጣችው፤ ሽማግሌውን ባጃጁ ላይ አሳፈሯቸው። እነሱ ሲሄዱ ሰውዬው አካፋ አምጥቶ መጀመሪያ ቦዩን ከፈተ። ጎረቤቶቹም አንድ በአንድ አካፋቸውን ይዘው ወጡ። አይዞህ ያለው ግን አልነበረም። ሳይመሽ መንገዱ ጸዳ።

ሽማግሌው ሦስት ሳምንት ተኝተው ተመለሱ፤ ሳሉ ግን አልለቀቃቸውም። ጎርፉ የጣለውን የጓሮ ግድግዳቸውን ሰውዬው ለክፍሉ በገዛው ብሎኬት ሠራላቸው። የሚከራየው ክፍልም በዚያው ሳይሠራ ቀረ።

አሁን ደብተርሽን ተመልከቺ፣ ብርነሽ። «መንገዱ ብሎክ ነው። ጉዳዬ ብሎክ ሆነ። ከእህቴ ጋር ንግግራችን ብሎክ ሆኗል።» አሥሩም እንዲሁ ናቸው። ማን ዘጋው? በምን ዘጋው? አንዱም አይናገርም! ያም ሰው ቃሉን አላበላሸውም፤ እንደ አንቺው አሳምሮ ተናገረው፤ ተናግሮም ተደበቀበት። የድርጊቱን ፈጻሚ በሰዋስው ምን ብለን እንጠራዋለን? «ባለቤት» አይደል? ስሙን ያወጡለት ሰዎች አውቀውበታል። ሂጂና አሥሩንም ባለቤት ስጫቸው። የእህትሽን ዓረፍተ ነገር ግን ለእኔ አታምጪልኝ። ጽፈሽ ስትጨርሺ ለእሷ አንብቢላት።