ከቡችላው በፊት ቤቱ ይጠየቃል

አንድ የእህል ነጋዴ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚኖረው ከአንዲት ልጁ ከስንዱ ጋር ነው። አንድ ክረምት ሌባ መጋዘኑን ሰብሮ ጤፉን ጭኖበት ሄደ። ነጋዴውም «ሌባ ድምፁን ሲሰማ ጉልበቱ የሚከዳው ውሻ ካላመጣሁ ሰው አይደለሁም!» ብሎ ማለ።

ሰው ሁሉ የጠቆመው ከተማው ዳር ወደሚኖሩት ወደ እትዬ ጥሩወርቅ ነው። የእሳቸው ውሾች በጠባቂነታቸው ስም ያተረፉ ናቸው። ችግሩ፣ ሴትዮዋ ለመንገደኛ ቡችላ አይሸጡም። መጀመሪያ መጥተህ እናቲቱን ታያለህ፣ አባትየውን ታያለህ፣ እሳቸው ደግሞ አንተን ያዩሃል። በዛ ላይ የቤቱ ሰው በሙሉ ካልመጣ ወሬም የለም።

«ቡችላ ነው የምገዛው ወይስ ሚስት ነው የማገባው?» እያለ ነጋዴው ስንዱን ይዟት ሄደ።

ስንዱ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ውሻ ስታይ ግን እግሯ ይተሳሰራል። ከሁለት ዓመት በፊት የገዛ ግቢያቸው ውሻ፣ ነብሮ፣ ባቷን ነክሷታል። አባቷ «ኃይለኛ ውሻ» ባለ ቁጥር እሷ የምትሰማው ሌላ ነው፤ ከበሩ እስከ ቤቱ ያለችው አጭር መንገድ እንደገና የጭንቅ መንገድ ልትሆን ነው።

የእትዬ ጥሩወርቅ ግቢ የተጠረገ ነው። አንድም ውሻ አልታሰረም። ዳማ የምትባለው እናት ውሻ ቀስ ብላ መጣችና የስንዱን ቀሚስ ማሽተት ጀመረች። ስንዱ አባቷ ጀርባ ተለጠፈች።

«አትሩጪ ልጄ። እሷም እያየችሽ ነው፤ ትጨርስ» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

ዳማ አሽትታ ጨረሰችና ሄዳ ተኛች። ስንዱም ከአባቷ ጀርባ ወጣች።

ሴትዮዋ ደረታቸውን ነፍተው ሁሉንም አሳዩ። ውሾቹ የሚተኙበትን ደረቅ ጭድ፣ የሚበሉበትን ሳህን፣ የክትባት ደብተራቸውን። «እነዚህ የዳማ ልጆች ናቸው። የዳማን እናትም እዚሁ ነው ያሳደግኳት። ከፈለግክ እስከ አራት ቤት ዘራቸውን እቆጥርልሃለሁ» አሉ።

ነጋዴው ጆሮም አልሰጣቸው። አንዱን ቡችላ ማጅራቱን ይዞ አንጠለጠለው፤ አፉን ፈልቅቆ አየ። «ላንቃው ጥቁር ነው! ደግሞ አላለቀሰም! ኃይለኛ ማለት ይሄ ነው። በሉ ይሄን ስጡኝ።»

«አስቀምጠው!» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «የጥርስ ሐኪም ነህ እንዴ? ሌባ የሚያባርረው ላንቃ አይደለም፤ ቤቱን የሚወድ ውሻ ነው ቤቱን የሚጠብቀው። ለመሆኑ ነገ ልጅህን ለትዳር ሽማግሌ ቢልኩብህ፣ የሽማግሌዎቹን ጋቢ ንጣት አይተህ ነው የምትሰጣት?»

«ኧረ ቤተሰቡን አጠያይቃለሁ እንጂ!»

«እኔም እሱኑ ነው የማደርገው። ከዚህ በፊት ውሻ ነበራችሁ? ምን ሆነ?»

«ነበረን። አርጅቶ ሞተ» አለ ነጋዴው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ሴትዮዋ ወደ ስንዱ ዞሩ። «አንቺስ ልጄ? አንቺም የቤቱ ሰው ነሽ።»

አባቷ አፈጠጠባት። ዝም ብትል ቡችላው ዛሬውኑ ቤት ይገባል፣ ነገ ይታሰራል፣ ውሎ አድሮ እንደ ነብሮ ይሆናል። ብትናገር ደግሞ አባቷን ሰው ፊት ልታዋርድ ነው። በዛ ሰሞን ትምህርት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አውጥታ ሰሌዳ ፊት ቆማ ነበር። ፈርታ ነበር፤ መልሱ ግን ከአፏ በትክክል ወጥቷል። እየፈሩም መናገር እንደሚቻል ያወቀችው ያን ቀን ነው።

«አርጅቶ አልሞተም» አለች። «ገና አራት ዓመቱ ነበር። ኃይለኛ እንዲሆን ተብሎ ከቡችላነቱ ጀምሮ በር ላይ ታስሮ ነው ያደገው። ሰው የሚያየው ምግብ ሲወረወርለት ብቻ ነው። የውሃ ጣሳው ሲደርቅ እኔም አያለሁ፤ እፈራዋለሁ፣ አልሞላለትም። አንድ ቀን ሰንሰለቱን በጠሰና ነከሰኝ። አባዬም ያኔውኑ አስገደለው። አንድም ሌባ ነክሶ አያውቅም። እኔን ብቻ ነው የነከሰው።»

«ስንዱ!» ጮኸ አባቷ። ፊቱ በርበሬ መሰለ። «ሰው ፊት ታዋርጂኝ?»

«ተዋት!» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «ስንቱ እዚህ ቆሞ ‹እንደ ልጄ ነው የማሳድገው› ብሎኛል መሰለህ? የራሷን ጥፋት ሳትደብቅ የነገረችኝ ይቺ ልጅ ብቻ ናት። ጣሳውን አልሞላሁለትም አለች እኮ! እንዲህ ያለ ሰው ቤትህ ተቀምጦ ነው አንተ ጠባቂ ፍለጋ የምትዞረው?»

ነጋዴው ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

«ዛሬ ባዶ እጃችሁን ትሄዳላችሁ» አሉ ሴትዮዋ። «ከፈለጋችሁ ግን ሦስት እሁድ እየመጣችሁ ከቡችላው ጋር ዋሉ። ከዛ በኋላ እናያለን።»

አባትና ልጅ ቤታቸው ገቡ። ስንዱ ሳምንቱን ሙሉ የአባቷን ፊት ሽቅብ ማየት ፈርታ ከረመች። እሁድ ጠዋት ግን በሯ ተንኳኳ።

«ተነሺ እንጂ! ሴትዮዋ ያረፈደ ሰው የሚወዱ አይመስሉም» አለ አባቷ።

የመጀመሪያውን እሁድ ስንዱ ራቅ ብላ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። በሁለተኛው ቡችላው ጫማዋ ላይ ተኛ፤ እንዳትቀሰቅሰው ብላ እግሯ እስኪደነዝዝ አልተነቃነቀችም። ነጋዴውም ሱሪው አቧራ መሆኑን ረስቶ መሬት ቁጭ ብሎ ቡችላውን ሲያጫውት ዋለ።

በሦስተኛው እሁድ አንድ ሌላ ገዢ መጣ። የመኪናውን ሞተር እንኳ አላጠፋም። «ላንቃው ጥቁር የሆነውን ቶሎ ስጡኝ፣ ልሂድበት» አለ።

ነጋዴው ብድግ አለ። «ቀስ በል ወንድሜ። እዚህ ቤት መጀመሪያ የሚመረመረው ገዢው ነው። ደግሞ ስትጠየቅ እውነቱን ተናገር። እኔ ዋሽቼ ነበር። ያረመችኝ ይቺ ናት፤ ልጄ ናት!»

«ልጄ ናት» ሲል ድምፁ ከአጥሩ ውጭ ተሰማ። ነጋዴው ሞልቶ ስለተረፈው መጋዘኑ እንኳ እንዲህ ኮርቶ ሲያወራ ስንዱ ሰምታው አታውቅም።

እትዬ ጥሩወርቅ ይሄን ሲሰሙ ቡችላውን አንስተው ስንዱ እቅፍ ውስጥ አስቀመጡት። «አሁን ቤቱን አወቅኩት» አሉ።

ወዳጆቼ፣ ምንም ሳይጠይቅ የሚሰጣችሁ ሰው፣ ከእጁ እንዲወጣለት የቸኮለውን ነው የሚሰጣችሁ። ብዙ የሚጠይቃችሁ ግን የሚወደውን ሊሰጣችሁ ነውና አትቆጡት። ሂዱ፣ እዩ፣ እናንተም ታዩ። በክፋት ያሳደጋችሁት ነገር ቀድሞ የሚነክሰው ሌባውን ሳይሆን የራሳችሁን ሰው ነው። እየፈራም ቢሆን እውነቱን የሚናገር ልጅ ካላችሁ ደግሞ አዋረደን አትበሉ፤ ኩሩበት።

ለመሆኑ ስለ እናንተ ቤት ቢጠየቅ፣ እውነቱን ደፍሮ የሚመልሰው ማን ነው?