የሸኽ ያያ ምስክርነት

በምዕራብ አፍሪቃ፣ ዝናብ አራት ወር ጥሎ ስምንት ወር በሚጠፋበት አገር፣ ስሟን ከጎረቤቶቿ በቀር የሚያውቅ የሌለ አንዲት ትንሽ መንደር ነበረች። በዚያች መንደር ሸኽ ያያ የሚባሉ የሰማንያ ዓመት አዛውንት ይኖሩ ነበር። ቁርኣን ያቀሩት ደረሳ ብዙ ነው፤ ከወለዷቸው ግን በሕይወት የቀረችላቸው ኩምባ ብቻ ነበረች። እሷም ባሏ ሞቶባት፣ ሦስት ልጆቿን የምታበላው ወንዙ ዳር ባለች የሩዝ ማሳዋ ነበር።

ያ የወንዝ ዳር መሬት ከማዶው መንደር ጋር ጠብ አስነሳ። የማዶዎቹ «የአባቶቻችን ነው» አሉ፤ የወዲህኞቹ «ድንበሩ ወንዙ ነው» አሉ። ነገሩ ዱላ ወደ መማዘዝ ሲደርስ የአገሩ የሸሪዓ ዳኛ፣ ቃዲው፣ መጡ። የድሮውን ድንበር በዓይኑ ያየ ሰው ቢፈለግ፣ ከሸኽ ያያ በቀር አልተገኘም።

ከዐስር ሶላት በኋላ የመንደሩ ሹም ሳምባ ከሸኹ ጎን ተቀመጠ።

«ሸኽዬ፣ በሐሰት ይመስክሩ አንልም፤ እሱማ ሐራም ነው። ዘነጋሁት ይበሉ ብቻ። በእርስዎ ዕድሜ ማን ይታዘብዎታል?»

ሸኹ ቀና ብለው ወደ ወንዙ ተመለከቱ። ኩምባ ከሩቅ ጎንበስ ብላ ሩዟን ስታርም ይታያቸዋል።

በማግሥቱ ወንዙ ዳር ቃዲው ፊት ቆሙ።

«ድንበሩስ ወንዙ ነበር። ግን እኔ ልጅ ሳለሁ ኃይለኛ ጎርፍ መጥቶ ወንዙ መንገዱን ቀየረ። የድሮው ፈለግ እዚህ በእኛ በኩል፣ ከዚያ ኩይሳ ሥር ነው። መሬቱ የእነሱ ነው።»

ያመለከቱት ቦታ ሲቆፈር አሸዋና የወንዝ ጠጠር ወጣ። ቃዲው የተዘራውን ዘሪው አጭዶ መሬቱን ለማዶዎቹ እንዲመልስ ፈረዱ። ከዚያን ቀን ወዲህ ለሸኹ ሰላምታ የሚመልስ ሁሉ በከንፈሩ ብቻ ሆነ። ኩምባ የመጨረሻ ነዶዋን አውርዳ አባቷ ፊት ቆመች።

«አባ፣ ዘነጋሁ ቢሉ ምን ነበረበት?»

«ልጄ፣ መርሳት አላህ ሲሰጥ ነው። ሳይሰጠኝ ወስጄ ነገ ፊቱ ምን ብዬ ልቁም?»

ኩምባ በተከታዩ ክረምት የማዶ ሰዎችን ማሳ በእኩል አርሳ ልጆቿን አሳደገች ይባላል። መንደርተኛው ግን ሸኹን ከልቡ ይቅር ያለው ቀብሯቸው ሲመለስ ነው።

በሐሰት መመስከር ያስፈራናል፤ አልሐምዱ ሊላህ። የምናውቀውን አላውቅም ማለት ግን ጨዋነት፣ አንዳንዴም የወገን ፍቅር ይመስለናል። ሸኽ ያያን የፈተናቸው ጠላት አልነበረም፤ የሚወዷቸው ሰዎች ለስላሳ ቃል ነው። ምስክርነት አማና፣ የተሰጠን አደራ ነው። አማና ደግሞ መላሹን እያመመውም ቢሆን ለባለቤቱ ይመለሳል።