ግንበኛውና የአንድ ጀምበር ነጋዴ

አንድ ግንበኛ ቤት የመጨረሻ ሴት ልጁን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። ሊያገባት የፈለገው ናሁሰናይ የሚባል ሀብታም ነው። ሥራው ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ አፍጥጦ የባዕድ አገር አክሲዮን መግዛትና መሸጥ ነው። ሽማግሌዎቹ ክብሩን አሳንሰው እንዳያወሩበት ስለሠጋ ወጉን ጥሶ ራሱም አብሯቸው መጣ።

ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ጀመረ። "አባባ፣ እርስዎ ሠላሳ ዓመት ድንጋይ ጠርበው ያላገኙትን እኔ እግሬን ሰቅዬ በአንድ ጠዋት አገኘዋለሁ። እንጀራዬ ላይ አንዲት እንከን ካገኙ ልጅዎን ይከልክሉኝ፤ ካጡ ግን አሁኑኑ ይመርቁን።"

ሽማግሌዎቹ አፍረው አቀረቀሩ።

"እሺ ጌታው" አለ ግንበኛው፤ "የገዛኸው ነገር ዋጋው ሲወድቅ ምን ታደርጋለህ?"

"በደቂቃው ሸጬ እገላገለዋለሁ። ይነሣል ብሎ መጠበቅ የሞኝ ነው።"

"ዋጋው ሲወጣስ?"

"ያኔማ አትርፌ እሸጠዋለሁ።"

"አንድ እንኳ አንተ ጋ የሚሰነብት የለም?"

ናሁሰናይ ሳቀ። "የሙያዬ ምሥጢር እሱ አይደል! ጀምበር ከጠለቀች በእጄ የሚያድር ነገር የለም።"

ግንበኛው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

"እውነቱን ነው፤ እንጀራው እንከን የለውም። እንከን ያለባት ልጄ ናት። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ወባ ይጥላታል፤ እስክትነሣ ሦስት ቀን ይፈጅባታል። ጌታው ደግሞ እስከ ማታም አይጠብቋትም።"